በፀጉር ቤት መስታወት የተማሩት አናጺ

ጋሽ ሞገስ አናጺነትን የተማሩት ከቴሌቪዥን ነው። ቴሌቪዥኑን ያዩት የነበረው ግን ፊት ለፊት ሳይሆን በመስታወት ውስጥ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህች ነገር የመጣ ስለሆነ አንባቢ ከወዲሁ ልብ እንዲላት እጠይቃለሁ።

ከ1993 እስከ 2001 ዓ.ም. ሐዋሳ መናኸሪያ አጠገብ ፀጉር ቤት ነበራቸው። እሳቸው «አሥራ ሁለት ዓመት ቆርጫለሁ» ይላሉ፤ የንግድ ፈቃዳቸው የሚለው ስምንት ነው፤ እኔ የማምነው ፈቃዱን ነው። ቤቱ ጠባብ ነበር። አንድ ወንበር፣ ከወንበሩ ፊት ግድግዳውን የሚሞላ መስታወት፣ በጎን በኩል ተራ ጠባቂዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ። ቴሌቪዥኑ ከጋሽ ሞገስ ጀርባ፣ ከበሩ በላይ ተሰቅሏል። ተራ ጠባቂዎቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው በቀጥታ ያዩታል። ጋሽ ሞገስ ግን እጃቸው ሰው ራስ ላይ ስለሆነ የሚያዩት በመስታወቱ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ በዲሽ ከሚገቡት ጣቢያዎች በአንዱ የእንጨት ሥራ ፕሮግራም ይመጣል። አቅራቢው ሪዙ የነጣ፣ የቆዳ ሽርጥ ያሸረጠ ሽማግሌ ነው። በምን ቋንቋ እንደሚናገር የሚያውቅ አልነበረም። አንዱ ጀርመንኛ ነው ይላል፣ ሌላው ሩሲያኛ። አስመራ የኖረ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር «ጣሊያንኛ እንዳልሆነ ብቻ እምላለሁ» ብሎ ጥናቱን እዚያ ላይ አቆመ። ሽማግሌውን «አባ መላጊያ» ብለው ሰየሙት፤ እንጨት ሲልግ ፍቅፋቂው እንደ ጥብጣብ እየተጠቀለለ ይወድቅ ስለነበር።

አባ መላጊያ ሁለት ልማድ ነበረው። እንጨት ከመቁረጡ በፊት በጣቱ አንጓ ሁለት ጊዜ ያንኳኳና ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል። እንጨቱ ምን እንደሚለው አይታወቅም፤ ሽማግሌው ግን ራሱን ነቅንቆ ይስማማል። ሥራውን ሲጨርስ ደግሞ የሠራው ነገር ላይ ይቀመጣል። ወንበር ከሆነ እሰየው። እሱ ግን ቁምሳጥንም ላይ ይቀመጣል፣ የመጻሕፍት መደርደሪያም ላይ ይቀመጣል። አንድ ቅዳሜ የወፍ ቤት ላይ ተቀመጠ። የወፍ ቤቱ ቻለው። ፀጉር ቤቱ በሙሉ አጨበጨበ።

የዚህ ሁሉ ዕዳ የሚያርፈው በወንበሩ ላይ በተቀመጠው ሰው ራስ ላይ ነበር። በዚያ ዘመን የተነሡ የመናኸሪያ ሠፈር የሠርግ ፎቶዎችን የሚያገላብጥ ሰው በአንደኛው ጆሮ በኩል ፀጉሩ ከሌላው አንድ ጣት ያህል ከፍ ያለ ሙሽራ ካየ፣ ሙሽራው ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ እንደተቆረጠ ይወቅ። እኔ እስካሁን አራት ቆጥሬአለሁ። አራተኛው የእኔ ባል ነው።

ባሌ ኤርሚያስ ያን ጊዜ ወጣት የቴክኒክ መምህር ነበር። ፀጉሩን ሊቆረጥ ሳይሆን አባ መላጊያን ሊያይ ነው የሚሄደው፤ መቆረጡ የመግቢያ ያህል ነው። በ1995 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ እንደለመደው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ሳለ ጋሽ ሞገስ ቶንዶሱን የአንድ ደላላ ማጅራት ላይ እንዳቆሙ በአድናቆት ተነፈሱ።

«ግራኝ ሆኖ እንዲህ መሥራቱ!»

«ማነው ግራኝ?» አለ ሹፌሩ።

«አባ መላጊያ ነዋ!»

«ኧረ ሰውየው መጋዙን የያዘው በቀኙ ነው!»

«ሂድ ዓይንህን ታከም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳየው ኖሬ!»

«እኔስ ሁለት ዓመት ምን ሳይ ኖርኩ? የእርስዎን ማጅራት?»

«ጎበዝ፣» አለ ደላላው ከወንበሩ ላይ፣ «መጀመሪያ የእኔን ማጅራት ጨርሱና ተጣሉ።»

ኤርሚያስ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ጋሽ ሞገስ፣ አይቆጡኝና እርስዎ የሚያዩት መስታወቱን እኮ ነው።»

ጋሽ ሞገስ ዞረው ቴሌቪዥኑን አዩ። መስታወቱን አዩ። እንደገና ቴሌቪዥኑን አዩ። «ሁለት ዓመት!» አሉ። ከዚያ ወደ አግዳሚው ዞረው «ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው ምን ሆኖ ዝም አለኝ?» ብለው ጠየቁ።

«ምላጭ የያዘ ሰው ማን ያርማል?» አለ ሹፌሩ።

ቴሌቪዥኑን ወደ ሌላ ግድግዳ ማዛወር ይቻል ነበር፤ ሶኬቱ ግን ያለው ከበሩ በላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ጋሽ ሞገስ ከሶኬቱ ይልቅ ራሳቸውን አስተካከሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በመስታወት ያዩትን ነገር ሁሉ በሐሳባቸው ይገለብጡታል፤ ግራውን ቀኝ፣ ቀኙን ግራ ያደርጉታል። እሑድ እሑድ በጓሯቸው እንጨት እየሠሩ ስድስት ዓመት ተለማመዱት። ልምዱ አጥንታቸው ውስጥ ገባ። በመጨረሻ ፊት ለፊት የተሰጣቸውን ሥዕል እንኳ ሳይገለብጡ መሥራት አቃታቸው።

በ2001 ዓ.ም. የፀጉር ቤቱ ደንበኞች የእግር ኳስ ጣቢያ ለማግኘት ዲሹን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞሩት። ድምፅ ተሰጥቶበት ነው፤ አሥራ አንድ ለሁለት። ሁለቱ ጋሽ ሞገስና ኤርሚያስ ነበሩ። አባ መላጊያ ከዚያ ወዲህ አልታየም። ጋሽ ሞገስ ለአራት ወር ያህል ቅዳሜ አሥር ሰዓት ሲሆን ጣሪያ ላይ ወጥተው ዲሹን ጣት በጣት ያዞራሉ፤ ኤርሚያስ ከታች ሆኖ «ስብከት ነው!»፣ «ወጥ እየሠሩ ነው!»፣ «ግመል ነው!» እያለ ይጮኻል። አንድ ጊዜ መላጊያ የያዘ እጅ ታየና ወዲያው ጠፋ። ያን ዕለት ሁለቱም እራት አልበሉም ይባላል።

ጋሽ ሞገስ «እንግዲህ ለማን ብዬ ነው ፀጉር የምቆርጠው?» ብለው ፀጉር ቤቱን ዘጉ። መስታወቱን በጋሪ አስጭነው ታቦር ተራራ ሥር ባለው የአናጺዎች ሼድ ገቡ። የፈጠሩት አሠራር ቀላል ነው። ደንበኛ የሚፈልገውን ዕቃ ሥዕል ይዞ ይመጣል። ሥዕሉን ከመስታወቱ ፊት ለፊት ይሰቅሉታል። እሳቸው የሚያዩት በመስታወቱ ውስጥ ያለውን ነው፤ መስታወቱ ይገለብጠዋል፣ እጃቸው ደግሞ መልሶ ይገለብጠዋል፤ ዕቃው ልክ እንደ ሥዕሉ ሆኖ ይወጣል። ኤርሚያስ «ሁለት ግልበጣ አንድ ቀና ነው» ይል ነበር። ጎረቤቶች በስልካቸው የዘመኑን የእንጨት ሥራ ቪዲዮ ሲያሳዩአቸው ስልኩን ወደ መስታወቱ አዙረው ያዩና «እነዚህ ይቸኩላሉ። እንጨቱን አያናግሩትም» ብለው ይመልሳሉ። እንዲህ ሆነው አሥራ ሦስት ዓመት ሠሩ። ከእጃቸው የወጣ ዕቃ አይነቃነቅም፤ ምክንያቱም ሳይቀመጡበት አይሸጡም።

በ2014 ዓ.ም. መስከረም ላይ በሼዱ በር ማስታወቂያ ተለጠፈ። እስከ የካቲት መጨረሻ የብቃት ምስክር ወረቀት ያላቀረበ አናጺ ሼዱን ይለቃል። ጋሽ ሞገስ ያን ጊዜ ስድሳ ዓመታቸው ነበር፤ ከሼዱ ከወጡ የሚገቡበት ሌላ የሥራ ቦታ አልነበራቸውም።

«ችግር የለም» አሉ ለባለቤታቸው ለእትዬ ተዋበች። «ሳሎን ውስጥ እሠራለሁ።»

እትዬ ተዋበች ጥልፍ ጠላፊ ናቸው። ሳሎናቸው ነጭ በነጭ ነው፤ ሶፋው የለበሰው እንኳ እሳቸው ራሳቸው የጠለፉትን ነጭ ጨርቅ ነው። «የትኛው ሳሎን?» አሉ።

«ያለን አንድ አይደል?»

«ሰውዬ፣ ፈተናውን ታልፋለህ። አለበለዚያ መጋዝህ በዚህ በር የሚገባው በእኔ ሬሳ ላይ ነው።»

እኔ የምሠራው ምዘናውን በሚሰጥ ማዕከል መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ኤርሚያስም እዚያው መዛኝ ነበር። የጋሽ ሞገስ ፋይል በእጄ ስላለ የምጽፈው በግምት አይደለም። ሕጉ ለአንድ ሰው ሦስት ዕድል ይሰጣል። ሦስቱንም የጣለ አንድ ዓመት ይጠብቃል። ተመዛኙ በታተመ ንድፍ መሠረት ባለ አንድ በር ትንሽ ቁምሳጥን ይሠራል፤ የበሩ እጀታ በቀኝ በኩል ነው። ከተፈቀዱት መሣሪያዎች ሌላ ወደ ምዘናው ክፍል ምንም ነገር አይገባም። መስታወት ከተፈቀዱት ውስጥ የለም።

ጥቅምት ላይ ጋሽ ሞገስ እንከን የማይወጣለት ቁምሳጥን ሠሩ። እጀታው በግራ ነበር። ወደቁ።

ታኅሣሥ ላይ ጥርሳቸውን ነክሰው እጃቸውን ከመገልበጥ ሊከለክሉት ታገሉ። እጃቸው ግማሹን ታዘዘ። እጀታውን እንደ ንድፉ በቀኝ አደረጉ፤ የበሩን ማጠፊያዎችም በዚያው በቀኝ አደረጉ። መዛኙ እጀታውን ሲስበው በሩ አልተከፈተም፤ ቁምሳጥኑ ግን እንደ በግ ተከተለው። ፋይሉ ላይ የተጻፈው «በሩ ለመከፈት ፈቃደኛ አይደለም» ይላል። ወደቁ።

የቀረው የየካቲቱ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ ጋሽ ሞገስን ለማዳን ተነሡ።

አንደኛዋ እትዬ ተዋበች ናቸው። የጥልፍ ንድፍ መገልበጥ ሲፈልጉ ወረቀቱን አዙረው የመስኮት መስታወት ላይ ይለጥፉታል፤ ብርሃኑ ከኋላ ሲመጣ ሥዕሉ ተገልብጦ ይታያል። «አንተ ደንቆሮ፣» አሏቸው ለባላቸው፣ «ክፍሉ መስኮት አለው አይደል? ወረቀቱን አዙረህ መስኮቱ ላይ አድርገው። መስታወትህ እሱ ነው።» አንድ ወር ሙሉ በሳሎናቸው መስኮት አለማመዷቸው።

ሁለተኛው ኤርሚያስ ነው። ከምዘናው በፊት ባለው ሐሙስ በቤታችን መስኮት ላይ ወረቀት ለጥፎ በእርሳስ ሲሠራ አይቼዋለሁ። ምን እንደሚሠራ ስጠይቀው «መስኮቱ መጠረጉን እያየሁ ነው» አለኝ። የሠራው የተገለበጠ ንድፍ ነበር፤ እጀታው በግራ። ሐሳቡ ግልጽ ነው። የተገለበጠውን ቢሰጣቸው የጋሽ ሞገስ እጅ መልሶ ይገለብጠዋል፤ እጀታው በቀኝ ይወጣል፤ ያልፋሉ። በማግስቱ ንድፉን ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ለማኅተም አመጣልኝ። እያሳቀኝ ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሳላመሳክር ማኅተም ያደረግሁበት ወረቀት እሱ ብቻ ነው።

በምዘናው ዕለት ከኤርሚያስ ጋር የነበረችው መዛኝ ሰናይት ትባላለች፤ ከሌላ ከተማ የመጣች፣ ደንብ በቃሏ የምታውቅ ሴት ናት። ጋሽ ሞገስ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ተቀበሉ።

«ልጄ፣ ዓይኔ ደክሟል። መስኮቱ ጋ ሄጄ ልየው?»

«ደንቡ አይከለክልም» አለች ሰናይት። «ይችላሉ።»

ጋሽ ሞገስ ወደ መስኮቱ ሄዱና ወረቀቱን አዙረው መስታወቱ ላይ አስደገፉት። ኤርሚያስ ነገሩ ሲገባው ከወንበሩ ተነሣ።

«ጋሽ ሞገስ! እዚህም ብርሃን አለ እኮ!»

«አቶ ኤርሚያስ፣ ተመዛኝ ማናገር አይፈቀድም።»

«ለዓይናቸው አስቤ ነው።»

«ለዓይናቸው መስኮቱ አለላቸው።»

ኤርሚያስ መናገር ስለተከለከለ እህ እህ ብሎ ሳለ። ጋሽ ሞገስ ዞር አላሉም። ጠንከር አድርጎ ሳለ። ሦስተኛ ጊዜ ሲስል ጋሽ ሞገስ በርኅራኄ አዩትና «ማር በሎሚ ጠጣበት መምህር» ብለው ወደ መስኮቱ ተመለሱ።

ከዚያ ጣውላውን ሁለት ጊዜ አንኳኩተው ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለች ሰናይት።

«እየጠየቅሁት ነው።»

ሰናይት ደንቡን በሐሳቧ አገላበጠች። እንጨት መጠየቅ የሚከለክል አንቀጽ አጣች። ከአምስት ሰዓት ከሩብ ሥራ በኋላ ቁምሳጥኑ አለቀ። ጋሽ ሞገስ አቧራውን ጠረጉለትና ወጥተው ላዩ ላይ ተቀመጡ። ቃለ ጉባኤው ላይ በሰናይት እጅ «ተመዛኙ ሥራው ላይ ተቀመጠ፤ ሥራው አልተነቃነቀም» ተብሎ ተጽፏል።

ኤርሚያስ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ሰናይት ወረቀቱን በአንድ እጇ፣ ሜትሩን በሌላ እጇ ይዛ ታመሳክር ጀመር።

«ቁመት፣ ልክ ነው። ወርድ፣ ልክ ነው። እጀታ፣ በግራ...»

«አወቅሁት!» አለ ኤርሚያስ።

«...ንድፉም ላይ በግራ። ልክ ነው። ምን አወቁ?»

ኤርሚያስ ዓይኑን ገለጠ። መስኮቱ አንድ ጊዜ ገልብጦት፣ የጋሽ ሞገስ እጅ መልሶት፣ ቁምሳጥኑ በእጃቸው ከነበረው ወረቀት ጋር በልኩ ገጥሟል። ከዋናው ንድፍ ጋር አይገጥምም፤ ዋናውን ግን ሰናይት አላየችውም። የሚመሳከረው የተሰጠው ወረቀት ነው።

«እንደሚያልፉ» አለ ኤርሚያስ ተመልሶ እየተቀመጠ።

ያን ቀን ማታ ቤት ሲገባ «ጋሽ ሞገስ አለፉ» ብሎኝ ሳቀ። ምን እንደሚያስቀው ብጠይቀው ሳቁ ጨመረ፤ እንባው ወረደ፤ እራቱ ቀዘቀዘ። አልነገረኝም። ቁምሳጥኑ እንደ ደንቡ ለማዕከሉ ቀርቶ መዝገብ ቤታችን ገባ። ሠራተኛው ሁሉ ሊከፍተው ሲሄድ እጁን ወደ ቀኝ ይሰዳል፣ ባዶ ይጨብጣል፣ ይራገማል። ኤርሚያስ ፋይል ሊወስድ ሲመጣ እሱም በቀኝ ይጨብጥና ብቻውን ይስቃል። ሁለት ዓመት ሳይሰለቸው።

በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ዐረፈ። ሙት ዓመቱን ካወጣሁ በኋላ ልብሶቹን ለማን እንደምሰጥ ስለይ በግራጫው ኮቱ የውስጥ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ዋናው ንድፍ ነው። እጀታው በቀኝ። ያን ሐሙስ መስኮቱ ላይ ምን ይሠራ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

ለእንዲህ ያለ ወረቀት ቦታው ኪስ አይደለም። ይዤው ወደ ጋሽ ሞገስ ቤት ሄድሁ። እትዬ ተዋበች ነጩ ሶፋ ላይ አስቀመጡኝ፤ ወረቀቱን ዘርግቼ የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው።

«ቆይ» አሉ ጋሽ ሞገስ። «እሱ ገለበጠው?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«እርስዎ ስለሚገለብጡ።»

«እኔ እኮ ገልብጬው ነው የገለበጥኩት!»

«እኔም አስገለበጥኩህ» አሉ እትዬ ተዋበች። «ስንት ሰው ነው አንድ ቁምሳጥን የገለበጠው?»

ጋሽ ሞገስ ግንባራቸውን ያዙ። «ያ ሁሉ ሳል! እኔ እኮ ማር በሎሚ ነው ያልኩት!»

ሦስታችንም ሳቅን። ሳቁን ቀድመው ያቆሙት እትዬ ተዋበች ናቸው፤ ሶፋቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነበር። «አንቺ ምሕረት፣ እንግዲህ የምስክር ወረቀቱ ሊነጠቅ ነው? ሼዱስ? ሳሎኔስ?»

ደንቡን አጥፌ ይዤው ሄጄ ነበር። አነበብሁላቸው። «ሥራው የሚመዘነው ለተመዛኙ ከተሰጠውና ማኅተም ካረፈበት ንድፍ አንጻር ብቻ ነው።» ማኅተሙ የማዕከሉ ነው፤ ያደረግሁትም እኔ ነኝ። ስሕተቱ የኤርሚያስና የእኔ ነው፤ ጋሽ ሞገስ በእጃቸው የተሰጣቸውን በልኩ ሠርተዋል። ምስክር ወረቀቱ የጸና ነው።

እትዬ ተዋበች ሶፋውን ለቀቁት።

«ቢሆንም ልምጣና እጀታውን ወደ ቀኝ ላዛውርላችሁ» አሉ ጋሽ ሞገስ። «ግማሽ ሰዓት አይፈጅብኝም።»

«አይነካ» አልኋቸው።

ጋሽ ሞገስ አዩኝ። ወረቀቱን ወደ እኔ ከመመለሳቸው በፊት ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በጣታቸው አንጓ ሁለት ጊዜ አንኳኩበት።

በማግስቱ ዋናው ንድፍ የት እንደተገኘ፣ ማን እንደገለበጠው፣ ማን ሳያመሳክር ማኅተም እንዳደረገበት የሚገልጽ የአንድ ገጽ ማስታወሻ ጻፍሁ። ሁለቱን ንድፎች ከማስታወሻው ጋር በጋሽ ሞገስ ፋይል ውስጥ አያያዝኋቸው። ፋይሉ የሚቀመጠው በዚያው ቁምሳጥን ውስጥ ነው። ከሦስት ዓመት በላይ አብሬው ስለሠራሁ እጀታው በየት በኩል እንዳለ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

እጄን ወደ ቀኝ ሰደድሁ። ባዶ ጨበጥሁ። በግራ በኩል ከፈትሁና ፋይሉን በቦታው አስቀመጥሁት።